በፊልሙ ውስጥ የተነፈስካት ትንፋሽ

ውድ ባለቤቴ፣

ፊልሙ ትናንት ለሕዝብ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ብትኖር ኖሮ «ያንን ግድግዳ የቀባሁት እኔ ነኝ» እያልክ አጠገብህ የተቀመጠውን ሁሉ ታሰለች ነበር።

ሥራህ ቀለም መቀባት እንጂ ትወና አልነበረም። የወራሪው ጦር አርበኞቹን አደባባይ ላይ የረሸነበት ትዕይንት ሲቀረጽ ግን የሚሞት ሰው ጎደለና አዘጋጁ ከመሰላል ላይ አስወርዶ ከሬሳዎቹ መሃል አስተኛህ። ቤት ስትገባ «ለአገር መሞቱስ ቀላል ነው፤ ወገቤን የፈጀኝ ጠጠሩ ነው» ብለህ አሳቅኸኝ። በሳምንቱ ከዚያው መሰላል ወድቀህ የእውነት ሞትክ።

ከሐዘን ስመለስ የፊልሙ ቅንብር፣ ምስሎቹን ቆርጦ የመቀጠሉ ሥራዬ፣ እኔን እየጠበቀ ነበር። የአርበኛው እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይ ልጇን ፍለጋ ከሬሳ ሬሳ ትሄዳለች። አንተ በግራ በኩል ተዘርረሃል። ልክ አጠገብህ ስትደርስ ደረትህ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ትንፋሽህን መያዝ አቅቶህ ነው፤ መቼም አንተ ዝም ብለህ መተኛት አይሆንልህም። ወደ ኋላ እየመለስኩ ስንት ጊዜ እንዳየሁህ አላውቅም። ለእናትህም «ፊልሙ ላይ ይተነፍሳል» ብዬ ነገርኳቸው። «በይ እስከዚያ ዕድሜ ይስጠኝ» አሉ።

ከዚያ አዘጋጁ አየው።

«ሬሳው ይተነፍሳል» አለኝ።

«አውቃለሁ። እንተወው፤ ማን ልብ ይለዋል?»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «አያቴ የጓደኞቹን ስም ለጠላት አልናገርም ብሎ ነው እዚያ አደባባይ ላይ የተረሸነው። እዚህ ጋ አንድ ሰው ቢስቅ አልችለውም። ተዋናይዋ እንዲህ ያለቀሰችበት ሌላ ቀረጻ ደግሞ የለንም። ከከበደሽ ማስተካከሉን ለሌላ ሰው ልስጠው።»

ተናድጄበት ነበር፤ ግን እሱም የራሱ ሟች አለው። ደግሞ ሌላ ሰው እንዲነካህ አልፈለግኩም። የማትተነፍስበትን አንድ ምስል አቁሜ ደረትህ ላይ ደረብኩት። እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ ቶሎ አለቀ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አፈር ስትገባ እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ለእናትህ ግን መናገር አቃተኝ። ትናንት ደግፌ አስገባኋቸው። ዓይናቸው እንደምታውቀው ደክሟል፤ መነጽራቸውን እየደጋገሙ ይወለውላሉ። አደባባዩ ሲመጣ ማንም አልሳቀም። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናትህ እጄን ያዙኝ።

«አሁን ነው?»

«አዎ እማዬ፣ አሁን ነው።»

ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ትክ ብለው አዩ። ደረትህ አልተንቀሳቀሰም።

«አየሁት» አሉ፤ «ተነፈሰ ልጄ።»

ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ እጄን አልለቀቁኝም። ነገም ውሰጂኝ ብለውኛል። እወስዳቸዋለሁ፤ በጠየቁኝ ቁጥርም አዎ እላቸዋለሁ።

ደህና ሁን የኔ ዓለም፣
ሚስትህ