እቴቴ ያቆመችበት ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
የኢኮኖሚክስ አስተማሪያችን ጠየቀ፦ ሶፍት ኮፒ መጽሐፍ ከታተመው ለምን ይረክሳል? ክፍሉ ተንጫጫ። «ወረቀት የለው! ቀለም የለው! መጋዘን አይፈልግ!» ይሄንን ከእህቴ ከእቴቴ ጋር ስንቴ ተከራክረንበታል። «አየር ገዝተሽ ደረሰኝ ታሳዪኛለሽ?» ስላት፣ «መጽሐፍ ሽንኩርት ነው እንዴ በኪሎ የምትገዛው?» ትለኝ ነበር።
ነበር... ይቺን ቃል መልመድ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
እቴቴ ከሞተች ወዲህ ታብሌቷ አልጋዋ ላይ ነው። ቻርጅ አደርገዋለሁ። ስከፍተው ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ያቆመችበት ገጽ ይመጣል። የመጨረሻው መስመር፦ «በሩን ስትከፍት»። ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። አልገልጥም። ከገለጥኩ የኔን ቦታ ይዞ የእሷን ይረሳል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
አባዬ፦ «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ለትምህርትህ አትወስደውም?» መጽሐፎቿስ? ወደ ስሜ ይዞሩ እንደሆነ የሶፍት ኮፒ ሻጮቹ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። «እህትህ የገዛችው የማንበብ ፈቃድ ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም።»
አየር ያልኩት እውነት ሆነ። ረታሁሽ፣ እቴቴ... ማን ላይ ልኩራ?

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ታብሌቱን ከፍቼ ትቼው ነበር። እማዬ ክፍሉን ስታጸዳ በጨርቅ ወለወለችው። ገጹ ሮጠ፤ ሌላ ምዕራፍ ላይ ቆመ።
«አቧራ ለብሶ ነበር እኮ፣ የኔ ጌታ... አበላሸሁ እንዴ?»
«ምንም አልሆነም።»
መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ።
በኋላ ፈልጌ መለስኩት። ግን አሁን ያ ቦታ የኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
መጽሐፍ መደብር ሄድኩ። እቴቴ ታነበው የነበረው መጽሐፍ የታተመው ዋጋው የሶፍት ኮፒውን ሦስት እጥፍ ነው። ለጫማ ያጠራቀምኩት ሊሄድ ነው።
ባለመደብሩ፦ «በስልክ ርካሹ አለልህ እኮ፣ ወንድሜ።»
«አውቃለሁ።»
ቆሜ መስመሩን ስፈልግ፣ «እዚሁ ልትጨርሰው ነው እንዴ?»
አገኘሁት። ግን እዚህ ያለው ገጹ መሐል ላይ ነው! ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ቀጠለ፦ «በሩን ስትከፍት ፍየሏ ሶፋው ላይ ተኝታለች።»
ፍየል! እቴቴ ይሄን ሳታይ... ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ የገጹን ጥግ አጠፍኩ።
«ኧረ ሳትከፍል!»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ታብሌቱን ትምህርት ቤት ይዤው መሄድ ጀምሬአለሁ።
ዛሬ እማዬ ስታጸዳ መጽሐፉን አነሳች፣ ወለወለች፣ አራገፈች። እጥፉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።
«ይሄ ጥጉ ታጥፏል፣ ላቃናው?»
«ተዪው። እቴቴ ያቆመችው እዚያ ጋ ነው።»
ጨርቁን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ከዚያ አንብብልኝ።»
አነበብኩላት። ፍየሏ ጋ ስደርስ ሳቀች። «ከዚያስ?»
ክፍሉ ሳይጸዳ ዋለ።