ጣቢያ ሦስት፣ ነጥብ፣ ታብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቤት ስደርስ አማቴ ባልዲዎቹን በር ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። «ውሃ ቢሮ የምትሠራ ምራት ይዤ ፊቴን በኩባያ ልታጠብ?» ውሃው ረፋድ ላይ ሄደ፣ መጣ፣ ከሰዓት ደግሞ ሄደ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ነኝ እንጂ ቧንቧ ላይ አይደለሁም አልኳቸው። «ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ሊሠራ ነው ውሃ ቢሮ የተቀመጠው?» አሉኝ።

ቢሮም ያው ነው። የምሠራው የስም ማሟያ አላልቅ አለኝ። ፓምፕ ጣቢያዎቹን የምናዝበት ጥቁር መስኮት አለ። ትዕዛዝ ይጻፋል፣ ኢንተር ይነካል፣ ይፈጸማል። መከራው ስሞቹ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ («ሊቁ» ነበር የምንለው) ለእያንዳንዷ ነገር ክንድ የሚያህል ስም አውጥቶ ሌላ ሥራ ገባ። አንድ ፊደል ከተሳተች መስኮቱ ቀይ ይለብሳል። ስለዚህ አለቃዬ አዘዘ፤ የስሙን መጀመሪያ ጽፈን ታብ የምትባለውን ቁልፍ ስንነካ ቀሪውን ራሱ ይሙላልን። ቶሎ በይ። ይቺን ቃል ሳይል ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ በሌለበት ስሙ ቶሎ-በሉ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

«ጣቢያ ሦስት» ብዬ ነጥብ አስቀምጬ ታብ እነካለሁ። ቆም ይላል። እጠብቃለሁ... እጠብቃለሁ... ከዚያ የስም መዓት ይዘረግፍልኛል። ግፊት፣ ደረጃ፣ ሙቀት፣ ሁኔታ፣ ዳግም ማስነሻ፣ ሌላም ሌላም። ስም ለመደርደር ምን ያስጠብቀዋል? ያሉት እኮ ስሞች ናቸው! እስኪያስጠላኝ ድረስ ነካካሁት። ምክንያቱ አልተገኘም።

ካለፈው ሳምንት የጀመርኩት የቅንፉ ነገር ግን ሠርቷል። ሥራ የሚያሠራው ስም ቅንፍ ይፈልጋል፣ የሚነበበው አይፈልግም። አሁን ማሟያው ራሱ ለይቶ ቅንፉን ይጨምራል። የራሴ ሐሳብ ነው። ማንም «ጎበዝ» አላለኝም።

ለሙከራ የተሰጠኝ ጣቢያ ሦስት ብቻ ነው፤ እውነተኛው። የውሸት ጣቢያ ልሥራና እሱ ላይ ልሞክር ብል «ጊዜ የለም፣ ቶሎ በይ» ተባልኩ። የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ... ለማንኛውም እኔ ስም ነው የማየው። ስም ማየት ማንን ይጎዳል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጣቢያ ሦስት ዛሬም ጠፋ። ፓምፑ አሮጌ ነው፤ አንዴ ከቆመ ሰው በእጁ ካላስነሳው አይነሳም። እስኪነሳ ማጠራቀሚያው ይጎድላል፣ የእኛ ሰፈር ይደርቃል፣ አማቴ ባልዲ ይደረድራሉ።

ቶሎ-በሉ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።
«ሰውየው ተመልሶ ጀምሮታል።»
«ምኑን?»
«መጠጡን ነዋ!»

የቀን ተረኛውን ኦፕሬተር ነው። ጋሼ ሞተር ነው ሁሉም የሚላቸው። ድሮ ይጠጡ ነበር አሉ። ከተዉት ቆይቷል፤ ልጆቻቸው ሳያድጉ ነው የተዉት። ግን ሰው የሰውን ድሮ መች ይረሳል?

«ጠጥቶ ሲደናበር ማቆሚያውን ይነካና ይተኛል። ካልሆነ የማታው ተረኛ ሲገባ ለምን አይጠፋም? እስቲ ንገሪኝ!»

እውነትም ማታ ጠፍቶ አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የትዕዛዝ መዝገቡን ገልብጬ አየሁ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ኢንተር የተነካበት ሁሉ ይመዘገባል። ፓምፑ በቆመባቸው ሰዓቶች ከቢሮ የሄደ የማቆሚያ ትዕዛዝ አንድም የለም። ይህንኑ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ ከቢሮ ካልሆነ ደግሞ ያው ጣቢያው ላይ ያለ ሰው ነው። ቶሎ-በሉ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ሄደ።

የጻፍኩት እውነት ነው። ታዲያ ምን ይከነክነኛል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ሥራ ሳይገቡ ጋሼ ሞተር ቢሮ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። ኮፍያቸውን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ አልነካሁትም። ራሱ ነው ዝም የሚለው።»
«ጋሼ፣ ራሱማ እንዴት ይጠፋል?»
«ይጠፋል። ተቀምጬ እያየሁት ይጠፋል።»

ጠጋ አልኩ። ምንም አይሸትም። ለማሽተት መጠጋቴ ራሱ አሳፈረኝ።

ባለቤታቸው ወሬውን ሰምተው እህታቸው ቤት ሄደዋል። «ያን ጊዜ ብዙ አይታለች፤ አልፈርድባትም» አሉ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሬ እያዩ፣ «እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ። ለእኔ አይመልስልኝም» አሉኝ። ሊስቁም ሞከሩ።

ከሰዓት፣ እሺ ልጠይቅላቸው አልኩ። ጣቢያ ሦስት፣ ነጥብ፣ ታብ። ያ የተረገመ መቆም... ስሞቹ መጡ። «ሁኔታ» የሚለውን መረጥኩ፣ ኢንተር።

«ቆሟል» ይላል።

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። ጠዋት ዓይኔን እያዩ እንዲያ ብለውኝ! ሰው እንዲህ ይዋሻል? ለአለቃዬም ደውዬ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጋሼ ሞተር ታገዱ። ሰኞ የመጨረሻው ውሳኔ ይፈረማል አሉ፤ ስንብት ነው። ከነገ ጀምሮ ቀኑን የሚይዝ ሌላ ተረኛ ተመድቧል።

ጉሮሮዬ አብጧል። ምንም የሚወርድ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ትኩሳት። ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ መስክ ስለሆነ አስታማሚዬ አማቴ ናቸው። የምጠጣውን እያንዳንዱን ጉንጭ ቆመው ካላዩ አይሄዱም።

ውሃ ቀኑን ሙሉ አልሄደም። አማቴ ያለውን ልብስ ሁሉ አጠቡ፤ የታጠበውንም ደገሙት። «አንቺ ቤት ስትውዪ ውሃውም ቤት ይውላል። በየቀኑ ታመሚልኝ እንዳልል ደግሞ ክፉ አማት ልባል ነው!»

ሳቅኩ። ጉሮሮዬን አመመኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አሁንም ቤት። አለቃዬ ደወለ፤ ለሕመሜ መስሎኝ።

«አየሽ አይደል? ሰውየው ከወጣ ወዲህ አንዴ እንኳን አልጠፋም። አላልኩሽም?»
«ብለኸኛል።»
«ማሟያውስ? ቶሎ ዳኚና ቶሎ በይ እንጂ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሰውየው ከወጡ ወዲህ አልጠፋም... እኔስ? እኔም እኮ ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።

ማታ አይጠፋም። እኔም ማታ አልሠራም።

አይ። ትኩሳት ነው። ስም ነው የማየው እኮ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ትኩሳት አልነበረም።

ጠዋት እንደገባሁ ጣቢያ ሦስት ደወልኩ። አዲሱ ተረኛ አነሳ። ስልኩን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጥልኝ፣ ምንም እንዳትነካ አልኩት። የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ጣቢያ ሦስት፣ ነጥብ... ጣቴን ታብ ላይ አሳረፍኩ። ነካሁት።

ድምፁ ጠፋ።

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! እመቤቴን አልነካሁትም!» ይላል ልጁ በስልኩ። የጋሼ ሞተር ቃል። አንዲት ቃል ሳትቀየር።

እስከ ምሳ ሰዓት ከሥሩ ቆፈርኩ። ማሟያው የትኛው ስም ቅንፍ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ እያንዳንዱን ስም ይጠራል። አስተማሪ ክፍል ገብቶ ስም እንደሚጠራ፤ «አቤት» ይላሉ፣ ያልፋል። ለዚህ ነው ቆም የሚለው፤ ያ ሁሉ ስም እስኪመልስ። «ዳግም ማስነሻ» የሚለው ግን ሲጠራ «አቤት» ብሎ አይቀመጥም፤ ተነሥቶ ሞተሩን ያጠፋል። ሊቁ ቅንፍ መጻፍ ሰልችቶት፣ ስሙ ሲጠራ ብቻ ሥራው እንዲፈጸም አድርጎታል። አጥፍቶ ሰው እስኪያስነሳው ይጠብቃል። ኢንተር ስላልተነካ መዝገቡ ምንም አያውቅም። እኔም «ከቢሮ የሄደ ትዕዛዝ የለም» ብዬ ፈረምኩ!

ያን ሰኞስ... ልጠይቅላቸው ብዬ የገባሁ ጊዜ። ራሴ አጥፍቼ፣ ጠፍቷል ብዬ፣ በሳቸው ተናድጄ፣ ራሴ ከሰስኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ባለቅስ ለማን ይጠቅማል? ግን አለቀስኩ።

ለቶሎ-በሉ ነገርኩት። ሁለቴ አስደገመኝ።

«እና ምን ልበል? በስም ማሟያ ሰበብ ሰው አሰናበትኩ ልበል?»
«እውነቱ እሱ ነው።»
«ስሚኝ፣ ማሟያውን አስተካክዪ፣ ከዚህ በኋላ አይጠፋ። አለቀ። ውሳኔው ተፈርሟል። ሰውየውም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፣ ይጠጣ ነበር።»
«የዛሬ ስንት ዓመት?»
«አትሟገቺኝ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ጠረጴዛዬ ሄጄ የመጀመሪያው ጽሑፌ ስህተት ነው፣ ፓምፑን ያቆመው የእኔ ማሟያ ነው ብዬ ጻፍኩ። ለእሱ ብቻ አልሰጠሁም፤ ለዋና ሥራ አስኪያጁም አስገባሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ቶሎ-በሉ አያናግረኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በጸሐፊዋ በኩል ላከልኝ። ተቀበልኩ፤ ይገባኛል። ግን ሊቁም፣ ጊዜ የለም ባዩም የሉበትም። እኔ ብቻ። ቢያንገበግበኝም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የጋሼ ሞተር ስንብት ተሽሯል። ነገ ሥራ ይገባሉ። ማን ነገራቸው ብል፣ «ደብዳቤው ደርሷቸዋል» አለች ጸሐፊዋ። ምን ይላል ደብዳቤው? «በቴክኒክ ማስተካከያ ምክንያት ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ።» በቃ። ምን ማለት እንደሆነ ማን ይገባዋል? ለባለቤታቸው ቢያሳዩዋቸውስ ምን ይገባቸዋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጣቢያ ሦስት ሄድኩ። እስከ ዛሬ በአካል ረግጬው አላውቅም ነበር። አንዲት ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ መሐል ላይ ሞተሩ። መጮህ ነው ያለብን ለመነጋገር።

ማሟያውን ትናንት አስተካክያለሁ፤ አሁን ስም ይቆጥራል እንጂ አይጠራም። የድሮውን ግን ላፕቶፔ ላይ ይዤዋለሁ፣ ለዛሬ ብቻ። ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን አይቻለሁ።

ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ ነኝ የከሰስኩዎት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እስቲ አጥፊው» አሉ።

ታብ። ሞተሩ አቃስቶ ዝም አለ። ሄደው አስነሱት፣ ተመለሱ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ዝም ባለው ክፍል ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። «ታውቂያለሽ... እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር። ሳላውቀው እያሸለብኩ ይሆን? እያልኩ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠብኩ ነበር የምጠብቀው። ሳልቀምስ የሰከርኩ መሰለኝ እኮ!»

ይቅርታ አልኩ። በሐሳብ ሄደው ነበር፤ ሰምተውኝ እንደሆነ አላውቅም። አስነሱትና፣ ትንሽ ብትቆዪልኝ አሉኝ። ውጪ ወጥተው ስልክ ደወሉ፤ ረጅም ሰዓት ለመኑ።

ባለቤታቸው መጡ። ከበሩ አላለፉም። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው «ምንድን ነው?» አሉ፣ ፊታቸው እንደተቋጠረ። ጋሼ ምንም አላስረዱም። ከሞተሩ ራቅ ብለው ግድግዳውን ተደገፉ፣ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ለእኔ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ታብ ነካሁ።

ሞተሩ ዝም አለ። ሴትዮዋ ሞተሩን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። ከኪሳቸው ያልወጡትን እጆች ደግሞ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ሁሉ ጊዜ... ነቅቶ ነበር ማለት ነው?»
«ነቅተው ነበር» አልኩ።

ጋሼ አፍንጫቸውን ጠርገው ሊያስነሱት ወደ ሞተሩ ተራመዱ። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«ቆይ፣ እኔ ላስነሳው» አሉ። «የቱ ነው የሚነካው?»