ሰናይት የወደቀችበት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 5 ሰዓት።

ግማሹን ልብስ አጥቤ ግማሹ ባልዲ ውስጥ ነው። ሰናይት ስልክ አታነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ ልንገርሽ። ዛሬ የጽዳት ተራዋ ባዕብዳ ሰፈር ያለችው ዓረብ ማዳም ቤት ነው። በረንዳ ላይ መሰላል ወጥታ መስታወት ትወለውላለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሰክታ። ስለ ጎረቤታችን እያወራን ነበር፣ እኔ ነኝ የማስቃት። በሳቋ መሀል «ውይ!» አለች። የሆነ ነገር ተንጓጓ። ከዚያ ጭጭ።

ኔትወርክ ነው እላለሁ። ኔትወርክ እንዲህ ይጮሃል እንዴ?

ያው ቀን። 9 ሰዓት፣ ሆስፒታል ኮሪደር።

ነርሷ በሰጠችኝ ወረቀት ጀርባ ነው የምጽፈው። ኋላ አንቺ ላይ እለጥፈዋለሁ።

5:50 ላይ የሰናይትን ስልክ ማዳሟ አነሳች። ታለቅሳለች። ጠዋት 1:30 ከቤት ወጥታ ነበር፣ ስትመለስ ሰናይትን በረንዳው ሥር አገኘቻት። ከሁለተኛ ፎቅ! መቼ እንደወደቀች አታውቅም። ሆስፒታል ወስደናታል፣ ነይ አለችኝ።

ከሰፈራችን ከኦዛይ ሰርቪስ ታክሲ ያዝኩ። ታውቂያለሽ፣ ከአሠሪዬ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። መንገድ ላይ ፍተሻ። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ሹፌሩን «ያላ፣ ሂድ» አለው። አለፍን።

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ፖሊስ ቆሟል፣ የታጠቀ። ዞር ልል ነበር። ውሸት ልጽፍልሽ አልችልም፣ ዞሬያለሁ። አሥር እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩ።

ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ ጓንቱ ደም በደም። ዳሌዋ ተሰብሯል፣ ሆዷ ውስጥ ትደማለች። ደም ተሰጥቷታል። የረጋው ደም መልሶ እንዳይሟሟ የሚይዝ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ግን ከአደጋው በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ አይጠቅምም፣ ጭራሽ ሊጎዳት ይችላል አለኝ። ማዳሟ ከወጣች አምስት ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ይፈራል። ስንት ሰዓት ነው የወደቀችው? ብሎ ጠየቀኝ።

«አርባዓ ዊ ኸምሴ» አልኩት። አራት ከአምስት።

ፊቱ ጠቆረ። ሳይነጋ አራት? ማዳሟ ገና ሳትወጣ? ስምንት ሰዓት አልፏል ማለት ነው፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ብሎ ዞረ።

የቆጠርኩለት በእኛ ሰዓት ነው፣ በእነሱ አሥር ከአምስት ነው የሚባለው! ሮጬ እጅጌውን ያዝኩት። «ላ፣ ላ ሐኪም! ዓሽራ! ዓሽራ ዊ ኸምሴ!» ስልኬን አሳየሁት። ጥሪው የጀመረበት ሰዓት፣ ያወራንበት ደቂቃ። ደመረው። የግድግዳውን ሰዓት አየ። ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። አንድ ነገር ጮኾ ተናገረ፣ ነርሷ ሮጠች።

አሁን ቀዶ ጥገና ላይ ናት። እኔ ነኝ ያሳቅኋት። እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ቀን 7 ሰዓት።

አልነቃችም። ነርሷ ተአምር አትጠብቂ አለችኝ። መድኃኒቱ ስብራት አይጠግንም፣ የፈሰሰውን አይመልስም፣ ሐኪሞቹ እስኪደርሱላት ደሙን ያዘላት፣ ያ ነው ሥራው። መጀመሪያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰጧት፣ ቀጥሎ ስምንት ሰዓት ሙሉ በግሉኮስ መስመር እየተንጠባጠበ።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ሞተች ሊሉኝ ነው እላለሁ። ምግብ አይወርድልኝም።

አርብ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 4 ሰዓት።

ነቃች!!! ድምፅ የላትም፣ ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግሁ።

«ትርስዬ፣ መስታወቱን ጨረስኩት?»

ሳቅሁም አለቀስኩም። ተኚ፣ ጨርሰሻል አልኳት።

ያው ቀን። 10 ሰዓት።

ደስታዬ ግማሽ ቀን አልሞላም። ፖሊሱ ማዳሟን ጠይቋት ነበር። ራሷን ጥላ ይሆን? ብሎ። አላየሁም አለች፣ እውነቷን ነው። ነገ ጠዋት የሰናይትን ቃል ሊቀበል ይመጣል። ማዳሟ ኮሪደሩ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። «ሐቢብቲ፣ ፓርዶን፣ አንቺ ግን አትምጪ። ወረቀትሽን ከጠየቀ ምን ልረዳሽ እችላለሁ?» ክፉ ሴት አይደለችም። እኔም ከቤት አልወጣም ብዬ ወሰንኩ። ኸላስ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት 2 ሰዓት።

አልተኛሁም። ሰናይት ሁለት ቃል ተናግራ ትደክማለች፣ ለፖሊስ እንዴት አድርጋ ታስረዳ? ራሷን ጣለች ተብሎ ከተጻፈባት ማን ይሰርዝላታል? ስትወድቅ የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። ጥሪው ስልኬ ላይ ነው።

ቢይዙኝስ? የእናቴን ስልክ ቁጥር ክንዴ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኩ፣ ስልኬን ከቀሙኝ ብዬ። ጫማዬን አደረግሁ፣ አወለቅሁ፣ እንደገና አደረግሁ። የክፍላችንን ቁልፍ ለጎረቤታችን ሰጠሁ። የት ነው የምትሄጂው አለችኝ። ሰናይት ጋ አልኳት።

ሰርቪሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። እየሄድኩ ነው።