ቢጫውን መነጽር ይዤው ሄጃለሁ

ጁንሬል፣

ቢጫውን የመጥለቂያ መነጽርህን አትፈልገው። ሴቡ ከተማ ወስጄ የሸጠልህ ሰውዬ ፊት ላይ ልወረውረው ነው።

የመጀመሪያ የመጥለቂያ ዕቃውን ከእግር መቅዘፊያው ቀለም ጋር አዛምዶ የሚገዛ ሰው አንተን አየሁ። ሙሽራ ነህ እንዴ? መነጽር ማሰሪያው ሳይታሰር ፊት ላይ ይደረግና በአፍንጫ አየር ይሳባል። ከወደቀ አይሆንህም ማለት ነው። ትናንት ማታ እራት ላይ ስሞክርብህ ሩዙ ውስጥ ወደቀ። አንተ ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም እየጠራኸኝ "ኩያ ኢስኮ፣ ማሰሪያውን አጠብቀዋለሁ" ትለኛለህ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠልቀህ ውሃው አፍንጫህን ሲሞላው ምኑን ነው የምታጠብቀው?

እኔ ሻርክ አይቶኝ መንገድ የሚለቅልኝ ሰው፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ልኑር?

ጥቁሩ መነጽሬ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ተኝተህ ሳለ ፊትህ ላይ አድርጌው ነበር፤ ስታንኮራፋ እንኳ አልወደቀም። ውሃ ውስጥ ከመግባትህ በፊት እንፋሎት እንዳይጋርደው መስታወቱ ላይ ትፋበትና እጠበው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ማጽጃ ለቱሪስቶቹ ተውላቸው።

ጀልባው ላይ ሰው ሁሉ እያየ በመነጽርህ የሳቅኩብህ ነገር...
እሱ ይቆይ።

የተጠበሰ አሳ ክዳኑ ስር አለ።

መነጽሩን ማን ሰጠህ ካሉህ፣ ከኢስኮ ሰረቅኩት በል። ሰጠኝ ብትል ማንም አያምንህም።