የታችኛው ኩሬ ዓሦች

ግራቦቭካ፣ ኦገስት 19 ቀን 2018

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ያድቪጋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ኖርዌይ በበጋም ሹራብ አያስወልቅም ብለሽኝ ነበር። እዚህ ፖላንድ ግን ሙቀቱ አልበርድ ብሎ የኩሬው ውሃ ሃያ ሰባት ዲግሪ ደርሷል።

ወሬዬ ክፉ ነው። የታችኛው ኩሬ ካርፕ ዓሦች አለቁ። ሦስት ክረምት ያሳደግናቸው።

መጋዘኑ በር ላይ የለጠፍሽው ሠንጠረዥ አሁንም አለ፤ ውሃው ሲሞቅ ለዓሦቹ የሚበተነው ስንዴ በግማሽ ይቀነስ ይላል። አባትሽ ይህን ካንቺ በፊት ያውቀዋል። "የተረፈ ስንዴ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የዓሣውን ትንፋሽ ይወስዳል" እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ያስተማረ እሱ ነው። ሐሙስ ጠዋት በሠንጠረዡ ልክ ሁለት ጆንያ በጀልባ ወስዶ በተነ። ቁርስ በላን። ቲማቲም ስለቅም ጀልባዋን እንደገና ሲገፋ አየሁት።

"ሴቨሪን፣ ወዴት ነው?"

"ዓሦቹን ላበላ ነዋ! በወሬ ይዘሽኝ ረፈደብኝ" ብሎ ሳቀ።

የሚቀልድ መስሎኝ ወደ ቲማቲሜ ተመለስኩ። ከምሳ በኋላ እኔ ቤተ ክርስቲያን አበባ ላደርስ ሄድኩ። ስመለስ መጋዘኑ ውስጥ ስድስት ባዶ ጆንያ አገኘሁ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ተኮልኩለው ነበር። ጎረቤታችን ሉድቪክ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋውን ፓምፕ ይዞ ቢሮጥም አልደረሰላቸውም። ጆንያዎቹን ሲያይ ጊዜ፣ "ይሄን ሁሉ የበተነ ማን ነው? ጠላት ነው ወይስ እብድ?" አለ።

አባትሽ ጆንያዎቹን አየ። ቀጥሎ እጆቹን አገላብጦ አየ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የከሱ መስሎኝ ጨመርኩላቸው።"

"ኧረ እትዬ ዋንዳ!" ብሎ ሉድቪክ አቀረቀረ። አባትሽ ግን ጮኸብኝ፤ "ሠላሳ ዓመት ኩሬ ዳር ኖረሽ! በዚህ ሙቀት ዓሣ እንዲህ ይቀለባል? አንቺ ሴትዮ፣ ልብሽን የት ጣልሽው?" ጩኸቱ የድሮው ሴቨሪን ጩኸት ስለነበር ደስ አለኝ ብልሽ ትታዘቢኝ ይሆን?

የሞቱትን ሁለት ቀን ሙሉ በመረብ ስናወጣ አላናገረኝም። ዛሬ የመጋዘኑን ቁልፍ ቀማኝ። "የላይኛውን ኩሬ ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ የምመግበው" አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው ካልኩ በኋላ እምቢ እንዳልል ምን ብዬ?

ስትደውዪ እኔን ውቀሽኝ፤ እሱን ምንም አትጠይቂው። ትናንት ለሉድቪክ ስላንቺ ሲያወራ "ልጅቷ" አለሽ። ስምሽን ፈልጎ ያጣው መሰለኝ። ደክሞት ነው። ግን ከሥራ ፈቃድ ከሰጡሽ፣ ቶሎ ነይ።

እመቤታችን በሄድሽበት ትከተልሽ።

እናትሽ ዋንዳ