የሳህን መወርወሪያው ቅርጫትና ዳቦው

ኅዳር 7 ቀን 2010፣ ሐሙስ

በሰው አገር የምጠርገው መናፈሻ ውስጥ ዘጠኝ የብረት ዘንግ ተከሉብን። በየዘንጉ ላይ ቅርጫት፣ ከቅርጫቱ በላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። አብዱልወሃብ የሚባል አሰልጣኝ አስረዳን... የላስቲክ ሳህን ከሩቅ ይወረወራል፣ ቅርጫቱ ውስጥ ከገባ በቃ። ሜዳው ለጀማሪ የሚሆን ነው፣ ሽማግሌም ይችለዋል አለ። ትልቅ ሰው ሳህን ሲወረውር! እኔ የማውቀው ሳህን ማጠብ ነው። "ያላ ኻልቲ፣ ሞክሪ" አለኝ። ኻልቲ ይለኛል፣ አክስት መሆኔ ነው። ሥራ አለብኝ አልኩት።

ስጠርግ የተረገጠ ዳቦ አገኘሁ። አነሳሁት፣ ሳምኩት፣ እግር እንዳይነካው አጠገቤ ያለው ቅርጫት ላይ አኖርኩት። ሰው እንዴት ዳቦ ይረግጣል? አስጠላኝ።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ትናንት ዓርብ፣ የዕረፍት ቀን ነበር፣ ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፉን ይዞ ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት ዘጠኙም ቅርጫት ዳቦ ብቻ። ፉል የነካው፣ ዘይት የጠጣው፣ ጉንዳን የወረረው... ሽታው! አብራኝ የምትጠርገው የወሎዋ መሪማ በባዶ እጇ እየለቀመች ጆንያ ውስጥ ከተተችው። "ዳቦ ከቆሻሻ አይጣልም፣ እትዬ። ከከተማ ዳር ሶባ ላሉት ፍየሎቼ እወስደዋለሁ" አለች። እኔስ መጣል እችላለሁ? አልችልም። ግን አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ትናንት ጾም ገባ። እኔ ግን እጄ እስከ ክርኔ የዶሮ ቅባት። አሁንማ ዳቦው ከነአጥንቱ ነው። አንዱ ሳህን ሻጋታ ላይ ተጣብቆ ተገኘ፣ ጀማሪዎቹም አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ። ሙዲሩ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ጠራን። "ዳቦ የሚያስቀምጠውን ካወቅሁ፣ ኸላስ፣ ይባረራል።" የማን ልክስክስ ነው ግን ይህን ያስጀመረው?

ኅዳር 22፣ ዓርብ

አንዷን ያዝኳት። ደልደል ያለች ሴትዮ፣ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ወደ ቅርጫቱ። ለምን አልኳት። "አንዲት ሐበሻ ጠራጊ ዳቦ ስማ ስታኖርበት አየን። ለዳቦ የተሠራ መሰለን። ማሻአላህ አልን።"

እኔ ነኝ።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

ሙዲሩ መሪማን እጇ ቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ ደረሰባት። ጆንያዋን አየ። "አንቺ ነሽ ለካ!" ዳቦውን የምታመጣ እንጂ የምታነሳ አልመሰለውም። እዚያው አባረራት። መሪማ ዞራ አየችኝ... እኔ መጥረጊያዬን ይዤ መሬት መሬት አየሁ። ኢቃማዬ በዚህ ሥራ ነው የሚታደሰው። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ወረቀት የለም። እሺ፣ የእሷስ?

ኅዳር 25

ራሴን ተጸየፍኩት። ምሳዬ ዳቦ ነበር፣ መልሼ ጠቀለልኩት።

ኅዳር 29፣ ዓርብ

ፈቃድ ጠይቄ ሶባ ሄድኩ። ከምኖርበት ከዴም በሁለት አውቶቡስ፣ አቧራ ጠጥቼ። መሪማ በረንዳዋ ላይ ደረቅ ዳቦ እየሰባበረች ለፍየሎቿ ትሰጣለች። መቀመጫ ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ይቅርታ የት ገባ?

"አውቃለሁ እትዬ" አለችኝ። "የመጀመሪያዋን ዳቦ ሲስሙ ከኋላዎ ነበርሁ።"

"ታዲያ ለሙዲሩ ለምን አልነገርሽም?"

"ዳቦ ከመሬት ስላነሱ ልክሰስዎ?"

ውሃውን አስቀምጬ አብሬያት ዳቦ መሰባበር ያዝኩ።

ኅዳር 30፣ ቅዳሜ

ለሙዲሩ ነገርኩት። ሁሉንም። ኸላስ፣ አበቃ ብሎ መጥረጊያዬን ተቀበለኝ።

ታኅሣሥ 6፣ ዓርብ

እንደ ሰው ሁሉ ለመዝናናት መናፈሻው ሄድኩ። መሪማ ተመልሳለች፣ የእኔን መጥረጊያ ይዛለች። በሩ አጠገብ ዛፍ ላይ ንጹሕ ጆንያ ሰቅላለች፣ ዳቦ ያለው ሁሉ እዚያ ያኖራል። ቅርጫቶቹ ባዶ፣ ሰንሰለቱ ያበራል። ለምን ይህን በመጀመሪያው ቀን አላሰብኩትም?

ኢቃማዬ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጀብራ ሰፈር የቤት ጽዳት ሥራ አለ ይላሉ... ኢንሻአላህ።

አብዱልወሃብ አንድ ቀይ ሳህን እጄ ላይ አኖረ። አሁን ሥራ አለብኝ ማለት አይቻል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ነጠላዬን አገልድሜ፣ ወረወርኩ። ቅርጫቱን ትቶ ሣሩ ውስጥ ገባ። አንዳንዱ ሳቀ።

መሪማ መጥረጊያዋን ጥላ ሄዳ አነሳችው። በቀሚሷ ጠርጋ፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"ይድገሙ፣ እትዬ።"