በናቲ ጥፍር ላይ የነበረው ቀለም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የታናሽ እህቴ ልጅ ናቲ ኩፍኝ ወጣበት። በኩፍኝ ክትባት ዘመቻው ጊዜ ሀና ማርያም ሰፈር ውስጥ ያልተከተበ ልጅ ፍለጋ ቤት ለቤት ስንዞር፣ ጥፍሩ ላይ የተከተቡ ልጆች የሚቀቡትን ቀለም አይቼ፣ ተከትቧል ብዬ በራቸው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ ከታቢዋ አክስቱ። ለካ እህቴ ናት እንዳይከተብባት በማርከር የቀባችው።

«ክትባቱ ሜርኩሪ አለበት ሲሉ ፈርቼ ነው» አለችኝ ዛሬ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብዬ ጮኽኩባት።

ጠይቃኝ ነበር። ከዘመቻው በፊት፣ እንቁጣጣሽ ዕለት እናታችን ቤት «ክትባቱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» ስትለኝ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ቲክቶክሽን ዝጊ» ብዬ ቤቱን ሁሉ አሳቅኩባት። እንደዚያ ያልኩት መልሱን እኔም ስለማላውቀው ነበር። ዛሬም አላውቀውም።